ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ ታሪክና አገባብ

በጽሕፈት ቤት ውሎ የሚገባ ሰው ሁሉ የቃልን ክብደት ያውቃል። ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት እንደማያልፍ ሁሉ፣ አንዲት ቃል ያለ ቦታዋ የገባችበት ደብዳቤም ከታሰበለት ጉዳይ አይደርስም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ታናሽ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ እርሷም «ሃርድሊ» የምትባለው ናት።

ነገሩ እንዲገለጥ በምሳሌ እንጀምር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ በማቻከል ወረዳ፣ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ ትጉህ ወጣት ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር አስቦ፣ የምስክርነት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉለት አለቃውን ለመነ እንበል። አለቃው «ሃርድ» ማለት ጠንካራ መሆኑን ያውቃሉ። «ስሎው» የሚለው ቅጽል «ሊ» ሲጨመርበት «ስሎውሊ» ተብሎ ተውሳከ ግሥ እንደሚሆንም ተምረዋል። ስለዚህ በቅን ልቡና «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ብለው ጻፉ። ደብዳቤውን ለንደን ላይ የተቀበለው ሰው ግን ያነበበው «ይህ ልጅ ሠራ ለማለት ያስቸግራል» የሚል ቃል ነው። ምስጋናው ክስ ሆነ፤ የጻፉትም የተጻፈለትም ምክንያቱን ሳያውቁ መልስ ሲጠብቁ ይኖራሉ። ሊጻፍ የሚገባው «ሂ ወርክስ ሃርድ» የሚለው ነበር፤ «ሃርድ» ምንም ሳይጨመርባት ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ሆና ታገለግላለችና።

በሁለት ቋንቋ መካከል የምትጠፋ ቃል ምን ያህል እንደምታስከፍል አገራችን አሳምራ ታውቃለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። በመቻልና በመገደድ መካከል ያለው ልዩነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ለተደረገው ጦርነት አንዱ ምክንያት ሆነ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲታተም ኖሯል፤ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987ም በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ የበላይነቱ የአማርኛው እንዲሆን ደንግጓል። ለወጣቱ ደብዳቤ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አንቀጽ የለውም። ጠባቂው የጸሐፊው ዕውቀት ብቻ ነው።

ለመሆኑ ይህች ቃል ከእናቷ ከ«ሃርድ» እንዴት ተለየች? በቀድሞው ዘመን እንግሊዞች «ሃርድሊ» ሲሉ በብርታት፣ በድፍረት፣ በጭካኔ ማለታቸው ነበር። ከዚያም ቃሏ በጭንቅ፣ በመከራ ወደሚለው ትርጉም አዘነበለች። በ1611 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቁጥር 23፣ ባለጠጋ ወደ መንግሥተ ሰማያት የሚገባው በጭንቅ መሆኑን የሚገልጸው በዚህችው ቃል ነው። በጭንቅ የሚደረግ ነገር ደግሞ ለጥቂት ሳይደረግ የሚቀር ነገር ነው። ስለዚህም ቃሏ ጭንቁን እየተወች «አይደረግም ለማለት ጥቂት የቀረው» ወደሚለው ፍች አለፈች፤ ዛሬም የምታገለግለው በዚህ ፍች ነው።

ይህ መንገድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ግድ» ማለት ኀይልና አስገዳጅነት ነው። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ «ዐይኔ በግድ ያያል» ቢሉ፣ ማንም አስገድዷቸው አይደለም፤ ማየታቸው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል ማለታቸው ነው። የእኛ «በግድ» ከኀይል ተነሥታ ከጭንቅ፣ ከጭንቅም ከጥቂትነት እንደ ደረሰች፣ የእንግሊዞችም «ሃርድሊ» በዚያው ጎዳና ተጉዛለች።

የቃልን ውስጥ እየፈተሹ መማር ለአማኑኤልና ለአካባቢው የቆየ ሙያ ነው። ጎጃም የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማና የደብረ ኤልያስ አገር ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ የለመናትን ቁራሽ እየበላ የሚማረው የቅኔ ተማሪ፣ ከግሥ ጋር አገባብን ዐቢይ፣ ንኡስና ደቂቅ ብሎ ለይቶ ያጠናል። «አምጣነ» የሚለው የግዕዝ ቃል አንድ ጊዜ መጠንን፣ ሌላ ጊዜ ምክንያትን እንደሚያመለክት ያውቃል፤ ቃሉ የቱን እንደያዘ የሚፈርደው ከገባበት ቦታ ነው። «ተውሳከ ግሥ» የሚለውም ስም «ወሰከ»፣ ማለትም «ጨመረ»፣ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በግሥ ላይ የተጨመረ ማለት ነው።

በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው፣ ኋላ በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ቀጥለው፣ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር እስከ መሆን ደርሰዋል። ከቅኔ ቤት የተነሣ ሰው ከእንግሊዞች መዲና ለመድረስ የቀድሞ ትምህርቱን ጥሎ መሄድ እንደማያስፈልገው የእርሳቸው ሕይወት ይመሰክራል።

አሁን ወደ አገባቡ እንመለስ። «ሃርድሊ» ከዋናው ግሥ ፊት ትቆማለች፤ እንደ «ካን» ያለ ረዳት ግሥ ሲኖር ደግሞ በሁለቱ መካከል ትገባለች። «አይ ካን ሃርድሊ ሂር» ያለ ሰው «በግድ ነው የምሰማው» ማለቱ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅ የሚገባን ከአፍራሽ ቃል ጋር እንዳናጣምራት ነው። በአማርኛችን «ምንም» ወይም «ከቶ» ስንል ግሡም አብሮ ይፈርሳል፤ «ምንም አልሠራም» እንላለን እንጂ «ምንም ሠራሁ» አንልም። በዚህ ልማድ ተመርተን «ካንት ሃርድሊ» ብንል እንሳሳታለን፤ ማፍረሱ በቃሏ ውስጥ አለና። እዚህም ላይ መሪያችን «በግድ» ትሁን፤ «በግድ ያያል» እንላለን፣ ግሡንም አናፈርስም።

ምሳሌው ግን ወሰን አለው። «በግድ ይሠራል» ብንል ተገዶ ይሠራል ማለት ይሆንብናል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ቦታ «ለማለት ያስቸግራል» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ይሻላል። አንድን ቃል ሁልጊዜ በአንድ ቃል ብቻ መፍታት የማይቻል መሆኑን የቅኔ መምህራን ከጥንት ጀምረው አስተምረውናል።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ነገ ለአንድ ትጉህ ሠራተኛ ምስክርነት በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ብዕርዎን ሲያነሡ፣ «ሊ»ን ከመጨመርዎ በፊት ጥቂት ይቆዩ። የዚያ ሰው የዓመታት ድካም በእጅዎ ነው።