መተማ የቀረው ጭፍራ ዜና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የነገሥታቱን ዜና ጸሐፌ ትእዛዞቻቸው ጽፈውታል፤ የመኳንንቱም ሹመትና ሽረት አልተረሳም። እኛ የምንጽፈው በ1881 ዓመተ ምሕረት ከአፄ ዮሐንስ ጋር ወደ መተማ ወርዶ ስላልተመለሰው ጭፍራ ነው። ስሙን የጻፈለት የለም። ወደ መጽሐፍ የገባው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም በየጸሐፊው ይለያያል።

ይህ ጭፍራ የባላገር ልጅ ነው። አባቱ ገባር፥ እርሱም እርፍ ጨብጦ ያደገ። ነጋሪት ተመትቶ ክተት ሲታወጅ በሶውን በስልቻ፥ ውኃውን በቅል ይዞ ከጌታው ኋላ ይሰለፋል። ደመወዝ የለውም። ጌታው ማደሪያ መሬት ከሰጠው በዚያ ይተከላል፤ ካልሰጠው በባላገር ቤት ይመደብና የባላገሩን እንጀራ ይበላል። ትናንት የእናቱን ጎተራ ወታደር ሲያራቁት ያየ ልጅ፥ ጦርና ጋሻ ያነሣ ዕለት የሌላይቱን እናት ጎተራ ያራቁታል። ይህን የዘለለ ጸሐፊ ስለ ወታደር ጻፍሁ አይበል። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብጽ ጦር ሲደመሰስ ብዙ ረሚንግቶን ተማርኮ ነበርና፥ ዕድል የቀናው ጠመንጃ ያነግታል፤ ያልቀናው በጦርና በጎራዴ ይዋጋል። ከኋላው ምጣድና እንስራ ያዘሉ ሴቶች ይከተላሉ። ያለ እነርሱ ያ ሠራዊት ሦስት ቀን አይቆምም ነበር፤ የእነርሱም ስም አልተጻፈም።

በሱዳን ከተነሡት ከማህዲ ሰዎች፥ ደርቡሽ ከሚባሉት ጋር፥ የጠቡ ነገር እንዲህ ነበር። በ1876 ዓ.ም. ግንቦት የእንግሊዝ መልእክተኛ አድሚራል ሂዌት ዓድዋ መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ውል አደረገ። በማህዲ ሰዎች የተከበቡትን የግብጽ ወታደሮች ኢትዮጵያ እንድታወጣ፥ ስለዚህም ግብጽ የያዘችው ቦጎስ እንዲመለስላት ተስማሙ። ንጉሡ ቃላቸውን ፈጸሙ፤ በመተማ የነበረው የግብጽ ጦርም በእርሳቸው እርዳታ ወጣ። በ1877 ዓ.ም. ጥር ካርቱም በማህዲ እጅ ወደቀች፤ በዚያው ወር ጣልያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘ። ደርቡሽን በጠላትነት ያተረፈልን ውል ከጣልያን አላዳነንም። የዚህን ሒሳብ የከፈለው ለንደን ያለ ሰው አይደለም።

በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የደርቡሹን አሚር ገደሉ። በዓመቱ በጥምቀት ሰሞን የደርቡሽ ጦር መሪ አቡ አንጃ በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ ተበቀለ፤ ጎንደር ገብቶም አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፥ ሴትና ሕፃኑን ማርኮ ወደ ሱዳን ነዳ።

ጭፍራው በዚያ ዓመት ያረፈበት ቀን ጥቂት ነው። በ1880 ዓ.ም. መጋቢት ከአፄ ዮሐንስ ጋር በምጽዋ አቅራቢያ ባለችው በሰሃጢ ነበር። ጣልያን ከምሽጉ አልወጣ አለ፤ ሠራዊቱ ስንቅ አለቀበት፥ በሽታም ገባበት፤ ሳይዋጋ ተመለሰ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታም ወደ ደጋው እየዘለቀ በሬውን ይጨርስ ጀመር። ከዚያ ወደ ጎጃም ዞረ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በአፄው ላይ መክረዋልና። የጎጃም አገር ተዘረፈ፥ ነደደ። ዘራፊው ይኸው የምንጽፍለት ሰው ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መተማ ላይ የሚሞተው። አፄ ዮሐንስ በፊት ለአቡ አንጃ የሰላም ቃል ልከው፥ ጠላታችን አውሮፓዊው ነው ብለውት ነበር፤ እርሱ በስድብ መለሰ። በ1881 ዓ.ም. አቡ አንጃ መተማ ላይ ታሞ ሲሞት ዘኪ ቱማል ተተካ።

ሠራዊቱ በዐቢይ ጾም ወደ ቆላ ወረደ። የካቲትና መጋቢት በዚያ አገር ሐሩሩ የሚበረታበት፥ ወንዙ የሚጎድልበት ወራት ነው። ደገኛው ቆላን የሚፈራው ከሰው ይልቅ ስለ ንዳዱ ነው። ዛሬም ከመተማ ወደ ሰሜን፥ አንገረብ ዳር ወዳለችው ወደ አብደራፊ፥ ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርደው የደጋ ልጅ ወባንና ካላዛርን እየፈራ ነው የሚወርደው። ያኔ የወረደው የዚህ አጫጅ ቅድመ አያት ቢሆን አያስደንቅም፤ ልዩነቱ የዛሬው የቀን ዋጋውን ተነጋግሮ መሄዱ ነው።

መጋቢት 1 ቀን፥ በቅድስት ሳምንት፥ በዕለተ ቅዳሜ ውጊያው ሆነ። ዘኪ መተማን በእሾህ ዘሪባ አጥሮ፥ ተኳሹን ከአጥሩ ጀርባ አሰልፎ ጠበቀ። ጭፍራው በባዶ እግሩ ወደ እሾኹ ሮጠ። ፊተኛው በጥይት ወደቀ፤ ኋለኛው በፊተኛው ሬሳ ላይ ተራመደ። ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ዘሪባው በአንድ ወገን ተጣሰ፥ የሣር ቤቶቹ ተያያዙ፥ ደርቡሽም ተፈታ። ድሉ በእጅ ገብቶ ነበር።

ያን ጊዜ ንጉሡ ተመቱ። መጀመሪያ በእጃቸው ቆሰሉ፤ ከውጊያው አልወጡም። ሁለተኛው ጥይት ግን ጣላቸው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሮጦ ዘሪባው ውስጥ ያለው ጭፍራ ጆሮ ሲደርስ፥ አሸናፊው ወደ ኋላ ተመለሰ። ደርቡሽም በሆነው ነገር ተደነቀ።

አንዳንዶች ይህን ፈሪነት ይሉታል፤ እኔ አልልም። በእሾህና በጥይት መካከል ያለፈ ሰው ወሬ አይፈራም። ነገር ግን ያ ጭፍራ የጌታው ሰው እንጂ የመንግሥት ወታደር አልነበረም። ቢገድል ግዳዩን የሚቆጥርለት፥ ቢቆስል የሚጦረው፥ ቢሞት ለልጁ ማደሪያውን የሚያጸናለት ጌታው ነው፤ የጌታውም ጌታ ንጉሡ ናቸው። ንጉሡ ከሞቱ ነገ የማን ሰው እንደሚሆን አያውቅም፤ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም በዘረፈው አገር አልፎ ነው። ሠራዊትን በአንድ ሰው ነፍስ ላይ ያሰረ ሥርዓት በአንድ ጥይት ተፈታ።

ንጉሡ ደጃዝማች መንገሻን ልጄ ነው ብለው አደራ ሰጥተው በማግሥቱ፥ በምኩራብ እሑድ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው የሸሹትን ዘኪ አትባራ ወንዝ ዳር ደረሰባቸው። አጎታቸው ሽማግሌው ራስ አርአያ አልሸሽም ብለው ከአስከሬኑ አጠገብ ተዋግተው ሞቱ። ከእርሳቸው ጋር የወደቁት ጭፍሮች ግን በታሪክ ውስጥ «ሌሎችም» ናቸው። የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ፤ በዚያ እስረኛ የነበረው ቄስ ኦርዋልደር ነገሩን ጽፎታል።

ጭፍራው ፍትሐት አላገኘም። እግዜር ያጽናችሁ የሚል ሰው ቤቱ ደርሶ ቢሆን እንኳ፥ የመጋቢት 1 ሙት አርባው የሚውለው ሚያዝያ 10 ቀን ነው፤ በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 14 ነበርና ዕለቱ የሕማማት ረቡዕ ሆነ። በሕማማት ፍትሐት የለም። ሚስቱ ተዝካር ላውጣ ብትል ደግሞ በሬው አልቋል፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ገብቷል።

መንግሥቱ ወደ ምኒልክ አለፈ፤ የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን ተፈረመ። ዘኪ ቱማልም በገዛ ጌታው፥ የማህዲ ተተኪ በሆነው በኸሊፋው እስር ቤት በረኀብ ሞተ። በ1894 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን በተደረገው ውል ወሰኑ ሲሰመር መተማ ለኢትዮጵያ፥ ጋላባት ለሱዳን ሆነ።

አንባቢ ሆይ፥ በወገንህ የዘር ቆጠራ ውስጥ «መተማ ቀረ» ተብሎ የሚታለፍ ሰው ካለ፥ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ስሙን፥ የአባቱን ስምና የወጣበትን አጥቢያ ጠይቀህ ጻፍ።