የቆላው ሰላጣ

ሰላጣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የገባና ከሆቴል ወደ ቤት የወረደ እንግዳ ምግብ ነው የሚለው አስተያየት ለጎንደር ከተማ ብዙም አይከፋም። ከተማዋ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ ነበረች፤ ዘይትና ኮምጣጤ የነካው ቅጠል ከዚያ ዘመን ጋር ቢያያዝ አይገርምም። ወደ ምዕራብ አርማጭሆና ወደ መተማ ሲወረድ ግን ይህ ትረካ ብቻውን አያዛልቅም። በምዕራብ አርማጭሆ ላለችው ለአብርሃ ጅራ ከተማ ጓዳ ጥሬ አትክልትን ያስለመዱት ከሆቴሉ ይልቅ ጾሙና ድንበሩ ናቸው፤ ከገበታው ያራቁት ደግሞ ሙቀትና የውሃ እጦት።

ያገራችን ሰው ቅጠል ቀቅሎ እንጂ ጥሬውን አይበላም የሚል ይኖራል። ለጎመን እውነት ነው። የረቡዕና የዓርብ፣ ይልቁንም የ55 ቀኑ የዐቢይ ጾም ማዕድ ግን ሌላ ይመሰክራል። ለስንግ ቃሪያው በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ፍሬው ይራገፋል፤ ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት በጨውና በሎሚ ታሽቶ ይሞላበታል። እሳት አልነካውም። የቲማቲም ፍትፍትም እንዲሁ ነው። ቃሪያም ቲማቲምም ዘራቸው ከአሜሪካ ነውና እንግድነት ከተቆጠረ ስንጉም ከእንግዶቹ ጋር ሊሰለፍ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ድንበሩ ነው። መተማን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ቡና፣ ሰም፣ ጥጥ፣ ባሪያም ጭምር የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ነበረች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. ሲያልፍ አካባቢውን ከዳርፉር ወገን የመጡ ተክሩር የሚባሉ ሰዎች ሰፍረውበት አግኝቷል። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተከትፎበት የሰሊጥ ዘይት የሚፈስበት ፉል፣ ኦቾሎኒ ተፈጭቶ ከሎሚ ጋር የሚለወስበት የቲማቲም ሰላጣ የሱዳን ቤት ምግቦች ናቸው። ከማዶ የሱዳኗ ጋላባት እያለች የመተማን ሰላጣ ምንጭ ሮም ድረስ ሄዶ መፈለግ ይከብደኛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከነበረ በሳሉጉ፣ ማለትም በቀን ሠራተኛው ገበታ ላይ ለምን አልታየም? ከደጋ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ማሳ ላይ የሚያገኘው በአመዛኙ የማሽላ እንጀራና ወጥ ነው። የጥሬ አትክልቱን ጣዕም አልወደደውም ማለት ግን ስህተት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከ35 በላይ ሲሆን የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፣ የሰላጣ ቅጠልም አበባ ለማውጣት ይቸኩልና ይመርራል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጉልበት ሁሉ ወደ ሰሊጡ ይሄዳል። ዋጋውን የከፈለው ሠራተኛው ነው፤ በመተማና በሁመራ ቆላ ሳሉጉን የሚያጠቃው ካላዛር የተባለ በሽታ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት ላይ ይከፋል።

ጥሬ ከመብላት ቀቅሎ መብላት ይሻላል የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የተቀሰቀሰው ኮሌራ ውሃ ምን እንደሚያደርግ አሳይቷል። ይህ ግን የሚከሰው ውሃውን ነው። ሽንኩርትና ኪያር ይላጣሉ፤ ቲማቲሙ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠባል። ከሁሉ የሚገርመኝ ዘይቱ ነው። በካሮትና በቲማቲም ያለውን የቫይታሚን ኤ መነሻ ሰውነት እንዲቀበለው ቅባት ያስፈልጋል፤ የአካባቢው ሰሊጥ ግን በአብዛኛው ሳይጨመቅ በጆንያ ወደ ውጭ ይላካል፣ በአገር ውስጥ ገበያ የሚበዛውም ከባሕር ማዶ የሚመጣው የፓልም ዘይት ነው።