ከአራት ኪሎ የወጣው እሽግ

ዛሬ የማወጋችሁ መጽሐፍ እንዴት እንደሚጻፍ አይደለም፤ ተጽፎ፣ ታትሞና ተጠርዞ ካለቀ በኋላ እናንተ እጅ እስኪገባ ስለሚሄደው መንገድ ነው። አንባቢ ይህን መንገድ እምብዛም አያየውም፤ በገዛ ገንዘቡ ያሳተመ ሰው ግን እያንዳንዷን ኮረኮንች ያውቃታል።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ካቋቋሙ ወዲህ ስንት ወረቀት ከዚያ ግቢ ወጥቷል! ከዚያም ዘመን ተለወጠና በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጣ፤ ደራሲው ረቂቁን ያስረክባል፣ ከዚያ በኋላ ማሳተሙም ማከፋፈሉም የድርጅቱ ሥራ ነው። ይህ ትልቅ ዕረፍት ነበር፤ ነገር ግን መንገዱን የያዘ መንገዱን መዝጋትም ይችላል። በ1975 ዓ.ም. የደራሲ በዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» በዚያው በኩራዝ ታትሞ ወጣና ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ የተረፈውም ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ሲዞር ኖረ። ከዚያም ያ ሥርዓት ወደቀ፣ ኩራዝም ከሰመ፣ ሸክሙም ዞሮ በደራሲው ትከሻ ላይ አረፈ። ዛሬ አነስተኛ አሳታሚ የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ደራሲው ነው።

እንግዲህ አብረን እንከተለው። ሐምሌ ነው እንበል፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ቀብዱን ቀደም ብሎ ከፍሏል፣ ቀሪውንም ከዘመድ ተበድሮ ሞልቷል፤ ከዚያም የመጽሐፉን እሽጎች ከማተሚያ ቤቱ አንድ በአንድ ቆጥሮ ተረክቦ፣ ፒክአፕ ላይ ጭኖ፣ ላስቲክ አልብሶ፣ የላስቲኩን ጫፍ በእጁ ይዞ ከኋላ ይቀመጣል። እሱ ቢበሰብስ ይደርቃል፤ መጽሐፍ ከበሰበሰ ግን አለቀለት። ቤት ሲደርስ እሽጎቹ ሳሎን ይገባሉ፣ አልጋ ሥር ይገባሉ፣ ሚስቱም ምንም ሳትናገር ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ትገፋለች።

ከዚያ ምረቃ አለ። ወዳጅ ዘመድ ወመዘክር አዳራሽ ይሰበሰባል፣ ንግግር ይደረጋል፣ በር ላይም መጽሐፉ በሙሉ ዋጋው በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። ከመጽሐፉ ገንዘብ ሁሉ ሳይሸራረፍ ኪሱ የሚገባው የዚያ ቀኑ ነው። የዘመድ ብድር የሚመለሰውም በእሱ ነው።

በማግስቱ ወደ አከፋፋዩ ይሄዳል። አከፋፋዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሱቅ ኪራይ አለበት፣ ሠራተኛ አለው፣ መደርደሪያውም ሞልቷል። መጽሐፉን ገልበጥ አድርጎ ሽፋኑን ያያል፣ የጀርባውን ጽሑፍ ያነባል፣ ውፍረቱን በጣቱ ይለካል፤ ከዚያም ድርሻውን ይናገራል። የሽፋኑ ዋጋ 300 ብር ነው እንበል፤ ለአከፋፋዩና ከሱ ለሚወስዱት ሻጮች 30 በመቶ ቢለቀቅ 90 ብር ሄደ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይጠየቃል። በቀረው 210 ብር ማተሚያ ቤቱ፣ አርታኢው፣ የሽፋን ሠሪው፣ መጓጓዣው ሁሉ መሸፈን አለበት። ይህም 210 ብር የሚከፈለው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው! የማተሚያው ሒሳብ ግን አስቀድሞ ተከፍሏል። ስለዚህ የጻፈውና ያሳተመው ሰው ከሁሉ መጨረሻ የሚበላ ሆነ፤ ደግሶ አስተናግዶ እንግዳ ከሸኘ በኋላ ገበታ እንደሚቀርብ ባለቤት። እኔ ይህን ልክ ነው ብዬ ልቀበለው አልችልም።

ከአከፋፋዩ ደጅ ደግሞ አዟሪው ይነሣል። ስለ እሱ ትንሽ ልቆይ ፍቀዱልኝ፤ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትምና። ማለዳ የሚሸጥለትን መርጦ፣ ከወገቡ እስከ አገጩ ቆልሎ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ፣ ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት ይሄዳል፤ ከዚያም ጠረጴዛው አጠገብ ቆም ብሎ፣ ሳይጫን፣ ደንበኛው የሚወደውን መጽሐፍ ከቁልሉ መሐል ሳብ አድርጎ ያሳየዋል። ባለፈው ማን ምን እንደገዛ ያስታውሳል። ዝናብ ሲመጣ የለበሰውን ጃኬት አውልቆ መጽሐፎቹን ያለብሳል፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ያንኑ ቁልል አቅፎ ይሮጣል። የአማርኛ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አንባቢ ዘንድ የደረሰው በእነዚህ ልጆች እግር ነው ብል አላጋነንኩም።

ከቁልሉ መሐል ግን ደራሲው ያላሳተመው የራሱ መጽሐፍ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። መጽሐፉ ተወደደ ሲባል አንድ ሰው በስውር ያባዛዋል፤ ሽፋኑ ደብዘዝ ብሏል፣ ዋጋው ረክሷል፣ ከዚያም ውስጥ ለባለቤቱ አንዲት ሳንቲም አትደርሰውም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ይህን ይከለክላል፤ ይሁንና ሌባውን ፈልጎ፣ ማስረጃ ይዞ፣ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ያው አልጋው ሥር እሽግ ያለው ሰው ነው።

ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው ደግሞ በአውቶብስ ነው። እሽጉ በገመድ ታስሮ፣ የተቀባዩ ስልክ በትልቁ ተጽፎበት፣ ለረዳቱ አደራ ይሰጣል፤ ደሴ ወይም ጎንደር ላይ ተቀባዩ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃል። ዋሽንግተን የሚደርሰው በመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ይታሸግና፣ እዚያ ደርሶ በሐበሻ ሱቅ እንጀራው አጠገብ ይደረደራል፤ ሒሳቡም ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ ይላካል። ደራሲው ያን ገንዘብ ሲቀበል ወረቀት ስንት እንደገባ ይጠይቃል፣ ለሁለተኛው እትምም ከመጀመሪያው ያነሰ ቅጂ ያዝዛል።