ከእንስሳት የሚተላለፉ በሽታዎች በእንስሳት ሕክምና ሠራተኞች ላይ (ኢትዮጵያ)

የእንስሳት ሐኪሞች፣ ረዳቶቻቸው፣ ሥጋ መርማሪዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በሥራቸው ምክንያት ለእብድ ውሻ በሽታ፣ ለአባ ሰንጋ፣ ለብሩሴሎሲስና ለከብት ቲቢ ይጋለጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ከሌፕቶስፓይሮሲስና ከኢኪኖኮኮሲስ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው የመረጠቻቸው በሽታዎች ናቸው።

የመጋለጫ መንገዶች

እንግዴ ልጁ የቀረባትን ላም የሚረዳ ባለሙያ ክንዱን እስከ ትከሻው ያስገባል። ላሟን ያስወረዳት ብሩሴሎሲስ ከሆነ ፈሳሹ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ረጅም ጓንት የግድ ይላል። ለሃጭ የሚያዝረበርብና መዋጥ የተሳነው ከብት ጉሮሮው ላይ አንዳች ነገር የተሰነቀረበት ይመስላል። ሐኪሙ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል፤ ሕመሙ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ባለሙያዎች ሳይነከሱ በፊት ክትባት እንዲሰጥ ይመክራል።

የቲቢው ክርክር

በአዲስ አበባ ቄራ ሥጋ መርማሪው የሳንባና የአንገት ዕጢዎችን በቢላዋ እየሰነጠቀ የቲቢ ምልክት የሆነውን የረጋ መግል ወይም የጠጠረ እብጠት ይፈልጋል። ቢላዋው ከሳተ የሚቆረጠው የራሱ ጣት ነው።

የከብት ቲቢ ወደ ሰው ምን ያህል እንደሚተላለፍ ግን አከራካሪ ነው። በአገሪቱ ከተመዘገቡት የቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ሕመሙ ከሳንባ ውጪ፣ በተለይም የአንገት ዕጢ ላይ የወጣባቸው ነበሩ። መጠኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ምንጩ ያልፈላ ወተት፣ ማለትም የከብት ቲቢ አምጪው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ሲታሰብ ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የፈረንጅ ላሞች ላይ ከብት ቲቢ በብዛት መገኘቱም ግምቱን አጠናክሮታል። ሆኖም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ከሕሙማን የተገኘውን ባክቴሪያ በዘረመል ሲለዩ ቦቪስን ያገኙት እጅግ በጥቂቱ ነው። እንዲያውም የሰው ቲቢ በከብቶች ላይ ተገኝቷል፤ ትንባሆ አላምጦ ጭማቂውን በከብት አፍ የመትፋት ልማድ እንደ አንድ ምክንያት ተጠቅሷል። በዚህ አካሄድ የሚያስል ባለሙያ ራሱ ለበረቱ ሥጋት ሊሆን ይችላል። ይሁንና ናሙናው በአብዛኛው ከጠቅላላው ሕመምተኛ የተወሰደ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ዕጢ ለሚሰነጥቅ መርማሪ አደጋው ቀሏል ብሎ መደምደም ተገቢ አይመስልም።

አባ ሰንጋ

በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድን አይከፈትም፤ ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ስፖር ይሠራል። ለምርመራ ከጆሮ ጥቂት ደም ይበቃል።