አልወጣም ያለው ካሴት

በካሴት ዘመን የኖረ ሰው የመኪና ቴፕን ዓመል ያውቃል፤ ደስ ሲለው ይዘፍናል፣ ሲከፋው ካሴቱን ጎርሶ አልመልስም ይላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊድን አንድ የመኪና ቴፕ እንዲህ ዓመሉ ተነሣበት። ከዚያ ካሴት የወጣው ዘፈን ዓለምን አዳረሰ።

ካሴቱን የላኩት አራት የጎተንበርግ ወጣቶች ናቸው፦ ዮናስ በርግሬን፣ እኅቶቹ ሊንና ዬኒ፣ ጓደኛው ኡልፍ ኤክበርግ። እኅትማማቾቹ ድምፃቸውን ያሟሹት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነበር። መለማመጃቸው የአንድ ጋራዥ ምድር ቤት ስለነበር «ኤስ ኦፍ ቤዝ» ተባሉ፤ የምድር ቤቱ ቁንጮዎች እንደ ማለት ነው።

ካሴቱ የደረሰው ዴኒዝ ፖፕ፣ በትክክለኛ ስሙ ዳግ ቮሌ፣ ከዲጄነት ተነሥቶ ፕሮዲዩሰር የሆነ ሰው ነው። ዘፈኑን መኪናው ውስጥ ሰማው፤ አልወደደውም። ሊያወጣው ቢታገል ካሴቱ ተቀርቅሯል። በሄደ በመጣ ቁጥር ያንኑ ሰማ፤ ሲደጋግመው ለመደው፣ ሲለምደው ምን ቢነካካ እንደሚያምርበት ታየው። ያ ጥሬ ዘፈን ተጠርቦ «ኦል ዛት ሺ ዎንትስ» ሆነ።

የስዊድን አሳታሚዎች ፊት የነሷቸውን ልጆች የተቀበላቸው የዴንማርኩ ሜጋ ሬከርድስ ነበር። ዘፈኑ በ1992 ዴንማርክን፣ በ1993 ብሪታንያን በአንደኝነት ያዘ። የአሜሪካው አሳታሚ የአሪስታ አለቃ ክላይቭ ዴቪስ ለዕረፍት በወጣበት ሰምቶት ለአሜሪካ አስፈረማቸው፤ ተጨማሪ ዘፈኖችም ጠየቀ። ከተጨመሩት አንዱ ዮናስ የደረሰው «ዘ ሳይን» ነው። በአሜሪካው ቢልቦርድ ሰንጠረዥ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ የ1994 የዓመቱ ቁንጮ ተባለ። ዘፈኑን የያዘው አልበምም በአሜሪካ ብቻ የ9 ሚሊዮን ቅጂ ዕውቅና አገኘ።

ዝናው ግን ዕዳም ይዞ መጣ። በዚያው 1994 ቢላ የያዘች አድናቂ የበርግሬኖችን ቤት ሰብራ ገባች። ጉዞው ፋታ አልሰጥ አለ። በ1995 የወጣው አልበም «ዘ ብሪጅ» የቀዳሚውን ያህል ሊሸጥ አልቻለም። መሪ ድምፃዊዋ ሊን አውሮፕላን ትፈራ ነበር፤ የሰው ዓይንም ይከብዳት ነበር። ቀስ በቀስ ማይክራፎኑን ለእኅቷ ለቀቀች። በ1998 «ፍላወርስ» የተባለው አልበም ሲወጣ በፎቶዎቹ ላይ የሌሎቹ መልክ ጥርት ብሎ ሲታይ የእሷ ፊት ደብዝዞ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ዴኒዝ ፖፕ በካንሰር አረፈ፤ ገና 35 ዓመቱ ነበር።

ከ2002ቱ አልበም «ዳ ካፖ» በኋላ የቀረው መበተን ነው። ሊን መልቀቋ በ2007 ተነገረ፤ በ2009 ዬኒ ተከተለች። ሁለቱ ወንዶች በ2010 በአዲስ ሴት ድምፃውያን አንድ አልበም ቢያወጡም የቀድሞው አድማጭ አልተመለሰም።

ቡድኑ ቢፈርስም ሙያው አልፈረሰም። ዴኒዝ በስቶክሆልም ባቋቋመው ኬይሮን ስቱዲዮ ያሠለጠነው ማክስ ማርቲን ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱን የሠራው በ«ዘ ብሪጅ» ላይ ነው። ዴኒዝ ባረፈበት ዓመት የብሪትኒ ስፒርስን የመጀመሪያ ዘፈን ይዞ ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካን ሰንጠረዥ ደጋግሞ ወርሶታል።

ሊን ከመድረኩ እንደተመኘችው ወጥታለች። ድምፅዋ ግን እንደዚያ ካሴት አልወጣም ብሎ ቀርቷል።