የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲያስቸግር

ባሕር ዳር ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ እምቢ ያለ ቀን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሬዚስታንሱ ነው። ጠጋኝ ይጠራል፣ ጀሶው ይፈነቀላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከምጣዱ ውጭ ነው።

አንድ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። ስፒናው ትንሽ ከላላ መገናኛው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስለዚህ ምጣዱ ጭራሽ ካልሞቀ ብሬከሩን ያጥፉና ስፒናውንና ሶኬቱን ይመልከቱ። የጠቆረ ካለ ይቀየር እንጂ በፕላስተር አይጠቅለል። ለምጣድ የራሱ መስመር ቢዘረጋለት ይመረጣል፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ከፍሪጅ ጋር በአንድ ማከፋፈያ መሰካት ግን እሳት መጥራት ነው።

ምጣዱ እየሞቀ እንጀራው ዓይን አላወጣ ካለ ሁሉም ሊጡን ይወቅሳል። ቮልቴጁም ይታይ። ማታ ማታ 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ የሚገኘው ሙቀት ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ነውና። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በቅርብ መኖሩ እዚህ ላይ አይረዳም፤ ኃይሉ የሚደክመው የሰፈሩ ትራንስፎርመርና መስመር ላይ ነው። ረፋድ ላይ መጋገር ይሻላል።

ሬዚስታንሱ በእርግጥ ከተበጠሰ የተለመደው ጥገና ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ መቀጠል ነው። ርካሽ ይመስላል። ሆኖም መጋጠሚያው ከሌላው ይበልጥ ስለሚግል ብዙም ሳይቆይ እዚያው ላይ ይበጠሳል። በተቀጠለ ቁጥርም ሽቦው ያጥራል፣ የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ጠጋኙ በመልቲሜትር ይለካልዎ፦ ጤነኛው ወደ 14 ኦም ያሳያል። 11 ካሳየ 20 አምፔር እየሳበ ነው፤ ብሬከሩ በየጊዜው የሚወርደውም በዚሁ ሰበብ ነው። ሙሉውን መቀየር ያዋጣል።

ስለ ጽዳቱም አንድ ነገር እናንሳ። ራሱን በራሱ የሚያጸዳው የውጭ አገር ኦቨን እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ግሎ ቅሪቱን ዐመድ ያደርጋል። የእኛ ምጣድ እዚያ አይደርስም፤ በጎመን ዘርና በማሰሻ ይታሰሳል። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሸክላውን ይሰነጥቃል፣ ውኃውም በስንጥቁ ወደ ሬዚስታንሱ ይወርዳል።

የሚያሳስበው መንዘሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ለቀናት ሳይጋገርበት የቆየ ምጣድ ሸክላውና ጀሶው እርጥበት ይጠጣሉ። ነጠላ ጫማ ተጫምቶ መጋገር የብዙ ቤት ብልሃት ነው፤ ሕይወት ግን አይጠብቅም። የብረት አካሉ ከመሬት መስመር ጋር መያያዝ አለበት። ከደረቀ በኋላም ከነዘረ ሬዚስታንሱ ብረቱን ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ከሶኬቱ ተነቅሎ ይቀመጥ።