ስለ አዲስ አበባ ሕንፃዎችና ስለ ዘመድ ምስክርነት

የአንድ ታላቅ ከተማ ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ግንቡም ጣሪያውም ለሚያስተውል ሰው መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ድንጋይ የሠሪውን እጅ ያሳያል እንጂ በውስጡ የተደረገውን አይናገርም፤ ይህን የሚናገር ያየ ወይም ከአባቶቹ የሰማ ሰው ነው። ስለዚህ ከባላገር የመጣ ወጣት ከተማውን በደኅና የሚያውቀው ዘመዱ ይዞት ሲዞር ነው። እንዲህ ያለ አጎት የእኅቱን ልጅ ይዞ አዲስ አበባን ቢያሳየው፤ መዠመሪያ ወደ እንጦጦ ሊያወጣው ይገባዋል።

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ነው። በአጠገቡ ያለው አዳራሻቸው ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ነው። ልጁም «ጋሼ፤ የንጉሠ ነገሥት ቤት ይህን ያህል ብቻ ነበርን?» ብሎ የጠየቀ እንደ ኾነ፤ «ልጄ፤ በዚያ ዘመን ከተማ እንደ ሰፈር ነበረ፤ የማገዶው እንጨት ሲያልቅ ከተማውም ይነሣ ነበር» ብሎ ይመልስለታል። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር በፍል ውሃ አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደው አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። በኋላም እንጨት ስለ ጠፋ ይህም ከተማ ሊነሣ ታስቦ ነበር፤ ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ የሚያድግ ስለ ኾነ ሕዝቡን በቦታው አጸናው።

ከእንጦጦ ወርደው የሚሳለሙት ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋራ ዘምቶ ነበርና። በውጭ ስምንት ማዕዘን ነው፤ በውስጡ ግን ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ እንደ ጥንቱ ሥርዓት ተከብበው ይገኛሉ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። ሥራውን ከመሩት አንዱ ሰባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ኢጣሊያዊ ነበረ፤ በ1929 ዓ.ም. እሳት የለቀቁበትም ኢጣሊያኖች ናቸው። ዛሬ ታድሶ ለሚያየው ሰው ያ ቃጠሎ አይታወቀውም፤ አጎት ካልነገረው በቀር ወጣቱ ይህን ከወዴት ያገኘዋል?

ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሥራው ከዚህ ይለያል። ክብ ወይም ስምንት ማዕዘን መኾኑ ቀርቶ ረዘም ብሎ በአውሮፓ ካቴድራል አምሳል ተሠርቷል። ከጠላት ወረራ በፊት ተዠምሮ በመከራው ዓመታት ተቋረጠ፤ ከነጻነት በኋላም በ1936 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን በወረዱ በዓመቱ ያረፉት ንጉሠ ነገሥት ዐፅም በ1993 ዓ.ም. በክብር ያረፈው በዚሁ ነው።

ከዚህ በኋላ አዲሱ ዘመን ይመጣል። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪቃ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በውስጡ ነው። አፈወርቅ ተክሌ በ150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የአፍሪቃን ያለፈ፣ ያለና የሚመጣ ዘመን ሥሎበታል። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪቃ ኅብረት ሕንፃ ደግሞ የቆመው ዓለም በቃኝ የሚባለው ወህኒ ቤት በነበረበት ምድር ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የሚያህሉ መኳንንትና ሹማምንት ያለ ፍርድ የተረሸኑት በዚያ ነው። ወህኒ ቤቱ ስለ ፈረሰ፤ በብርጭቆውና በብረቱ ፊት የሚቆም ወጣት ያማረ ሕንፃ ብቻ ያያል፤ አጎቱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ በዚያ የሞቱትን ይቈጥርለታል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ መንገዱም ሰፍቷል። ከተማ እንደ ሰው ልብሱን ይለውጣል፤ ጭቃው ቤት ለዘላለም ይቁም የሚል ሰው የሚኖርበትን ሰው ድካም የረሳ ነው። ኾኖም ቤቱ ሲፈርስ ነገሩም አብሮ እንዳይፈርስ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ግንብ የተቃጠለ እንደ ኾነ ይታደሳል፤ ሳይነገር ከሽማግሌ ጋራ የተቀበረ ነገር ግን የሚያድሰው የለም።

እንግዲህ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር፤ ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን ይዘው ቅጽሩን ቢዞሩ፤ ይህን ድንጋይ ማን ተሸከመው፤ ይህን ደጅ ማን አሠራው፤ ከዚህ በፊትስ በዚህ ቦታ ምን ነበረ እያሉ ቢነግሯቸው፤ በዓሉ ከቀኑ አልፎ ለሚመጣው ትውልድ ይተርፋል።